የባሕር ፓርክ ገብቶ ባሕሩን ሳያዩ መውጣት፦ ጎብኚዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በአንድ የባሕር መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ለዓመታት ጎብኚ ሳስጎበኝ ቆይቻለሁ። ሲመሽ መውጫው በር ላይ ቆሜ ሰው ስሸኝ «ምን ወደዳችሁ?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነበር። አንድ ቀን ያንቀላፋች ልጁን ትከሻው ላይ ያስተኛ አባት፣ «ሮለር ኮስተሩ ግሩም ነው። ዓሣዎቹንም አየናቸው፤ ያው ዓሣ ናቸው» አለኝ። ጠዋት ወደ አኳሪየሙ፣ የባሕር እንስሳት ገንዳዎች ወዳሉበት አዳራሽ፣ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሌላኛው በር ሲወጣም አይቼዋለሁ። ሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ለሚወረወረው መጫወቻ፣ ለሮለር ኮስተሩ ግን ፀሐይ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፎ ነበር። አልፈረድኩበትም። ሻርክ ከራሱ በላይ ሲያልፍ ምኑን ማየት እንዳለበት የነገረው የለም፤ መንገር የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ያን ጠዋት ልነግረው ይገባኝ የነበረውን አሁን እጽፈዋለሁ።

የመመገቢያ ሰዓቱን ሳያነቡ መግባት

ካርታውን ሁሉም ከበሩ ላይ ያነሳል፤ ጀርባው ላይ ያለውን የሰዓት ሰንጠረዥ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እንስሳ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የባሕር አንበሳው ጠግቦ ድንጋዩ ላይ ሲተኛ ያየ ሰው «ምን ያደርጋል ይሄ!» ብሎ ያልፋል። ያው እንስሳ ተንከባካቢው ባልዲ አንጠልጥሎ ብቅ ሲል ውኃውን ሰንጥቆ ሲወረወር ቢያየው ከቦታው አይነቃነቅም ነበር። እንግዲያው መጀመሪያ የመመገቢያና የትርኢት ሰዓቶቹ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሌላውን ሁሉ በመካከላቸው አስገቡት። ትልልቆቹን መጫወቻዎች በሩ እንደተከፈተ ወረፋው ሳይረዝም ጨርሷቸው።

የቦታውን አቀማመጥም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተው የሆንግ ኮንጉ ኦሽን ፓርክ ለምሳሌ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ከታች፣ ሌላው ተራራው አናት ላይ። ሁለቱን የሚያገናኟቸው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የኬብል መኪናና ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍ ባቡር ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ያለ ዕቅድ የገባ ሰው ቀኑ በመውጣትና በመውረድ ያልቅበታል።

አኳሪየሙን እንደ መተላለፊያ መቁጠር

ይህንን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም። ይገባሉ፣ ስልክ ያወጣሉ፣ እየተራመዱ ይቀርጻሉ፣ ይወጣሉ። በዓይናቸው ያዩት የለም፤ ያየው ስልኩ ነው።

ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጨለማ አዳራሽ ስትገቡ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። መጀመሪያ ላይ የሚታያችሁ ካለው ጥቂቱ ብቻ ነው። የሚቸኩለው ሰው ታዲያ ዓይኑ ገና ሳይገለጥለት ይወጣል ማለት ነው። ደግሞም የብዙ የባሕር እንስሳ ኑሮ መደበቅ ነው። ኦክቶፐስ የቆዳውን ቀለም ብቻ ሳይሆን ሸካራነቱንም ከድንጋዩ ጋር አመሳስሎ ይቀመጣል። «ይሄኛው ባዶ ነው» ብለው የሄዱትን ጠርቼ እየመለስኩ ጣቴን ቀስ ብዬ ስጠቁማቸው የሚያሰሙት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባዶ የተባለው ገንዳ ውስጥ ሦስት ልብ ያለው፣ ደሙ ሰማያዊ የሆነ ፍጥረት ተቀምጦ ይመለከታቸው ነበር።

የባሕር ፈረሱን ፈልጉት፤ በጅራቱ የባሕር ሣር ጨብጦ ቆሟል። ሆዱ የተነፋ ካገኛችሁ ወንዱ ነው፤ እንቁላሉን ከረጢቱ ውስጥ ተሸክሞ የሚፈለፍለው እሱ ነው። ነጭ መስመር ያላቸው ብርቱካናማ ክላውን ዓሣዎች ጋ ስትደርሱ ትልቋን ለዩ፤ እሷ ሴቷ ናት። እሷ ስትሞት ከወንዶቹ ዋነኛው ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል። ጄሊፊሾች ደግሞ ክብ ገንዳ የተሠራላቸው ለማማር አይደለም። የውኃውን ጉዞ ተቋቁመው መዋኘት ስለማይችሉ ገንዳው ጥግ ቢኖረው እዚያ ተወትፈው ይጎዳሉ፤ ክቡ ገንዳ ግን ውኃውን ቀስ እያለ እያዞረ መካከል ላይ ያንሳፍፋቸዋል።

የሚታይበት ግድግዳ ራሱ የሚያታልል ነገር አለው። ትልልቆቹ ገንዳዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከመስታወት ሳይሆን አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በኦኪናዋ የሚገኘው የጃፓኑ ቹራውሚ አኳሪየም ዋና ገንዳ 7,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ያን ሁሉ ክብደት የሚያቆመው አክሪሊክ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከጀርባው ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ይዋኛል። በጠፍጣፋ ግድግዳ ሲታይ ዓሣው ከእውነተኛ ርቀቱ ወደ ሦስት አራተኛው ቀርቦ ስለሚታይ ገዝፎ ይመስላል። ከራሳችሁ በላይ በሚጠማዘዘው ዋሻ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እንስሳው ከልኩ አንሶ ይታያል። ዋሻው ውስጥ «ትንሽ ነው» ያላችሁት ሻርክ እንግዲህ ትንሽ አይደለም።

አንዲት አያት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተው ነበር። ሮለር ኮስተር ስለማይችሉ ልጆቹ ስቲንግሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሣዎች ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸው ሄዱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ «ሰለቸዎት እማማ?» ብዬ ጠጋ ስል፣ የትኛዋ በየት በኩል እንደምትዞር፣ የትኛዋ ሌላዋን ከአሸዋው ላይ እንደምታስነሳ፣ ጅራቷ ላይ ምልክት ያላት ከማን እንደማትለይ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እዚያ ገንዳ አጠገብ ከዓመት በላይ ቆሜ ያላስተዋልኩትን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ሃምሳውን ገንዳ ከምታዳርሱ ሦስቱን ምረጡ፤ እያንዳንዱ ፊት አሥር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ፤ አንድ ዓሣ ብቻ መርጣችሁ በዓይናችሁ ተከተሉት።

ማንኳኳት

ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዓሣ ደግሞ በጎኑ በኩል የውኃውን ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው። እናንተ በጣታችሁ «ኳ ኳ» ስትሉ መላ ሰውነቱ ይሰማዋል። ልጆች ይህን የሚጀምሩት ከአባትና ከእናት አይተው ነውና፣ እባካችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን እጅ ያዙ።

ሳንቲም መወርወር

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ውኃ ባዩ ቁጥር ሳንቲም ጥለው የሚመኙ ሰዎች አሉ፤ ተቆጣጣሪ ፊቱን ሲያዞር ጠብቀው የሚጥሉም አሉ። የኤሊዎቹ ተንከባካቢ በየጠዋቱ ጠልቆ ገብቶ ሳንቲም ሲለቅም፣ አንድ እንዳይቀርበት የገንዳውን ወለል ጥግ በጥግ በመዳፉ ሲዳስስ አይቻለሁ። የሰው ምኞት ለቀማ ነው ሥራው የሆነው።

ውጤቱን ማወቅ የሚፈልግ የታይላንዷን ኤሊ ታሪክ ይስማ። ኤሊ ላይ ሳንቲም መወርወር ዕድሜ ያረዝማል በሚል እምነት ሰዎች ለዓመታት ገንዳዋ ውስጥ ሲጥሉ ኖሩ፤ እሷም ስትውጥ ኖረች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ሐኪሞች ሆዷን ሲከፍቱ 915 ሳንቲሞች አወጡ፤ ክምሩ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ከክብደቱ የተነሣ በሆዷ በኩል ያለው ጠንካራ ሽፋን ተሰንጥቋል። ቀዶ ሕክምናውን ተቋቁማ ዋኝታም ነበር። ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ግን ሞተች። ለረጅም ዕድሜ ተብሎ የተጣለው የእሷን ዕድሜ በላው። የሳንቲሙ ክብደት ብቻም አይደለም፤ ብረቱ ሆድ ውስጥ እየሟሟ ደም ይመርዛል።

ይህን ካነበባችሁ በኋላ «አንድ ብጥል ምን ይሆናል?» አትበሉ። 915ቱም የተጣሉት አንድ አንድ እየተባለ ነው። ባርኔጣ፣ መነጽር ወይም የልጅ መጫወቻ ሳታስቡት ገንዳ ውስጥ ቢወድቅባችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ወዲያው ለሠራተኛ ንገሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም። የሚጎዳው ዝም ብሎ መሄድ ነው።

እንስሳት የሚዳሰሱበት ገንዳ ላይ

የፀሐይ መከላከያ ክሬምና ቅባት የነካ እጅ ውኃ ውስጥ አይግባ። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እጄን ሳልታጠብ ነክሬ ውኃው ላይ ቅባት ሲንሳፈፍ አየሁ፤ ሥራውን ያስተማረችኝ ባልደረባዬ ቃል ሳትናገር ወደ ቧንቧው ጠቆመችኝ። ታጠቡ፤ በደንብ በውኃ አስለቅቁት፤ ከዚያ በሁለት ጣት በቀስታ ዳስሱ። የባሕር ኮከብን ከድንጋይ አታላቅቁት፤ የተጣበቀው በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን እግሮች ነው፤ ስትጎትቱት እግሮቹ ተበጥሰው ይቀራሉ። ትናንሽ ሻርኮች ካሉ ከራስ ወደ ጅራት ብቻ ዳስሷቸው፤ በዚያ አቅጣጫ ልስልስ ናቸው፤ ወደ ኋላ ስትመልሱት ግን ቆዳቸው እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል፤ ላዩ በጥቃቅን ጥርስ መሳይ ቅርፊት የተሸፈነ ነውና።

ለፔንግዊኖቹ ማዘን

«ለምን አጨለማችሁባቸው?» ብለው ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚቆጡኝ ብዙዎች ነበሩ። በብዙ ቦታዎች የአንታርክቲካ ፔንግዊኖች አዳራሽ መብራት የሚከተለው የትውልድ አገራቸውን ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ እዚያ ክረምት ስለሆነ ቀኑ አጭርና ደብዛዛ ነው። ላባው የተቦጫጨቀ ፔንግዊን ስታዩም ታሟል አትበሉ። አሮጌ ላባውን በአንድ ጊዜ እየቀየረ ነው፤ አዲሱ እስኪሞላ ውኃ ስለሚያስገባበት ለሳምንታት የብስ ላይ ይቆማል። ይህን ማየት ዕድል ነው።

ትርኢቱ ላይ

«ውኃ ይረጫል» የተባለበት ወንበር ላይ ስልክ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ የሚረጨው ጨው ያለበት ውኃ ሲሆን ስልክ በጨው ከሞተ አይነሣም።

ከዚህ የሚበልጠው ስህተት ግን ጭብጨባው እንዳበቃ ጥሎ መውጣት ነው። አሰልጣኞቹ ብዙ ጊዜ ለጥያቄ ይቆያሉ። ጠንካራውን ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ይህ እንስሳ ከየት መጣ? ስንት ሰዓት ይሠራል? ለምን ወደ ባሕር አይመለስም? ዶልፊን ሁልጊዜ ፈገግ ያለ የሚመስለው የመንጋጋው አሠራር እንዲያ ስለሆነ ነው፤ ደስታውን ከፊቱ ማንበብ አትችሉም። ሲ ወርልድ የተባለው የአሜሪካ የባሕር ፓርኮች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ኦርካዎችን (ጥቁርና ነጭ የሆኑትን ትልልቅ የዶልፊን ዘመዶች) ማራባት ማቆሙን አስታውቋል፤ በ2023 አቡ ዳቢ ላይ የተከፈተው ፓርኩም ከድርጅቱ ፓርኮች ኦርካ የሌለበት የመጀመሪያው ነው። ካናዳ በ2019 ባወጣችው ሕግ ዓሣ ነባሪዎችንና ዶልፊኖችን በገንዳ ማራባትን ከልክላለች። ይህ ለውጥ የመጣው ሰዎች ስለጠየቁ ነውና ጥያቄያችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።

የልጅን ቁመት ማጭበርበር

ጫማ ውስጥ ጨርቅ ከትተው፣ ፀጉር ወደ ላይ አስይዘው ልጅ ለማስገባት የሚሞክሩ ወላጆች አጋጥመውኛል። መጫወቻው መግቢያ ላይ ያለው የቁመት መስመር የተሰመረው መያዣው የሚይዘውን የሰውነት መጠን ተከትሎ ነው። ሠራተኛው ሲከለክላችሁ አትጨቃጨቁት፤ የልጃችሁን ነፍስ እየጠበቀ ነው።

ቁመታቸው ለደረሰ ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። በነዚህ ፓርኮች ብዙ ሮለር ኮስተሮች በእንስሳ ስም ተሰይመዋል። በኦርላንዶው ሲ ወርልድ ያለው ማንታ ተሳፋሪውን በደረቱ አስተኝቶ፣ ሰፊ ክንፍ እንዳለው ጠፍጣፋ ዓሣ እንደ ማንታ ሬይ ያበርረዋል። ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማኮ በሰዓት 117 ኪሎ ሜትር ይፈተለካል፤ ስሙን ያገኘው ከሻርኮች ሁሉ ፈጣን ከሆነው ሻርክ ነው። መጀመሪያ እንስሳውን ወይም ዘመዱን ገንዳው ውስጥ እዩት፤ ክንፉ እንዴት እንደሚታጠፍ አስተውሉ፤ ከዚያ ተሳፈሩ። ሰውነታችሁ ያንኑ መታጠፍ ሲያገኘው ከጩኸት የበለጠ ነገር ይዛችሁ ትወርዳላችሁ።

ፎቶ

ፍላሽ አጥፉ። እንስሳውን ያስደነግጣል፤ ለእናንተም የሚተርፋችሁ ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ነው። የስልኩን ዓይን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ያዙት፤ ጥቁር ልብስ ከለበሳችሁ የራሳችሁ ምስል አይገባባችሁም። አንድ አንሡና ስልኩን ኪስ ክተቱት።

ቀድሞ መውጣት

ፓርኩ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ይጎርፋል። እናንተ ተመልሳችሁ አኳሪየሙ ግቡ። ጠዋት በሰው ትከሻ መካከል ሾልካችሁ ያያችሁት ትልቁ ገንዳ ፊት ማንም አይኖርም። ልጃችሁን ወለሉ ላይ አስቀምጧት፤ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ታስደግፍ፤ ሻርኩ ዞሮ እስኪመጣ አብራችሁ ጠብቁ።