ዕቃ ለሚጠፋባቸው አረጋውያን፦ ከሥሩ ተቃራኒ ቀለም አንጥፉ

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ፊታቸው የተቀመጠውን መነጽር ወይም ቁልፍ ፈልገው ካጡ፣ ዕቃው ያረፈበትን ቀለም ተመልከቱ። እዚህ ጅማ ብዙ ቤት ያለው በርጩማና ጠረጴዛ ጠቆር ያለ እንጨት ነው፤ ቡናማ የመነጽር ማኅደር ወይም ጥቁር ስልክ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ይዋጣል። በክረምቱ ደመና ደግሞ ይብሳል።

ለጥቁር ዕቃ ነጭ፣ ለነጭ ዕቃ ጥቁር ጨርቅ ወይም ትሪ ከሥሩ አድርጉ። ጨርቁ አንድ ወጥ ቀለም ይሁን፤ አበባ የበዛበት ዕቃውን መልሶ ይደብቀዋል። ቡና ሲቀዳም ያው ነው፦ በነጭ ስኒ ውስጥ የቡናው ከፍታ በግልጽ ይታያል፣ እጅም አይቃጠልም።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን (ብርሃን የሚገባበት መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ቀዳዳ) እየጠበበ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስም ወደ ቢጫነት እያደላ ስለሚሄድ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ያንሳል፤ ተቀራራቢ ቀለሞችን የመለየት አቅምም ይዳከማል። በሐኪም ፊት የፊደል ሰሌዳውን በደንብ ያነበበ ሰው ቤቱ ውስጥ ዕቃ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ «አጠገብዎት እኮ ነው!» ብላችሁ አታሳቅቋቸው።

ይህ ዘዴ ግን ሕክምናን አይተካም። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። እይታ በድንገት ከቀነሰ፣ የብርሃን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ ግን በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷቸው።