ጊትን ከነኤስኤስኤች ቁልፉ ኮምፒውተራችሁ ላይ እንዴት እንደምታዘጋጁ

ጊትን (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘውን ፕሮግራም) መጫን ከባድ አይደለም። ብዙ ሰው ግራ የሚገባው የኤስኤስኤች ቁልፉ ጋ ሲደርስ ነው፤ ይህ በፓስወርድ ፈንታ ማንነታችሁን ለሰርቨር የሚያረጋግጥ ጥንድ ፋይል ነው። ስለዚህ ጊቱን ቶሎ እንለፈውና ቁልፉ ላይ ጊዜ እንውሰድ። ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

መጀመሪያ ጊት መኖሩን እዩ፤ «ጊት --ቨርዥን» በሉት። ኡቡንቱ ላይ ከሌለ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊት» ይበቃል። ማክ ከሌለው ራሱ ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ ጊት ፎር ዊንዶውስን አውርዱ። ሲጫን የጥያቄ ዓይነት ይደረድርላችኋል፤ ካልገባችሁ እንዳለ ኔክስት እያላችሁ እለፉት። አብሮት ጊት ባሽ የሚባል ተርሚናል ይመጣል፣ የቀረውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ጻፉ።

ቀጥሎ ማንነታችሁን ንገሩት። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ዩዘር.ኔም» ብላችሁ ስማችሁን በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ ከዚያ በ«ዩዘር.ኢሜይል» ኢሜይላችሁን። ኢሜይሉ በእያንዳንዱ ኮሚት (ጊት ውስጥ በምትመዘግቡት ለውጥ) ላይ ይታተማል፣ ኋላ ብትቀይሩትም የድሮዎቹ ላይ እንዳለ ይቀራል። ሥራችሁን ለሕዝብ ክፍት የምታደርጉ ከሆነ ጊትሀብ (የጊት ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ሴቲንግ ውስጥ የሚሰጠውን መደበቂያ ኢሜይል ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ቁልፉ። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ ኮድ ለመላክ የአካውንት ፓስወርድ አይቀበልም። ወይ ቶክን (በፓስወርድ ፈንታ የሚገባ፣ ጊትሀብ የሚሰጠው ረጅም ኮድ)፣ ወይ የኤስኤስኤች ቁልፍ ነው። እኔ ቁልፉን እመርጣለሁ፣ አንዴ ከተስተካከለ ይረሳል።

«ኤስኤስኤች-ኪጅን -ቲ ኢዲ25519 -ሲ» ብላችሁ መለያ ጨምሩበት፤ ቲዋ ትንሿ፣ ሲዋ ትልቋ ናት። ብዙ ሰው እዚህ ኢሜይሉን ያስገባል፤ የኮምፒውተሩን ስም ማስገባት ግን ይሻላል፣ ቁልፎቹ ሲበዙ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት። የት ላስቀምጠው ሲላችሁ ኤንተር በሉ። ፋይሉ ከዚህ በፊት አለ፣ ልተካው ወይ ካላችሁ ግን እሺ እንዳትሉት! አሮጌው ቁልፍ ጠፍቶ ይቀራል። ከዚያ ፓስፍሬዝ (የቁልፉን የራሱን የይለፍ ቃል) ይጠይቃችኋል። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይም፣ ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም። ባዶውን አትለፉት፣ ላፕቶፑን ያገኘ ሰው ቁልፉን እንዳይጠቀምበት የሚከለክለው ይሄ ነው። በየጊዜው መጻፍ ከሰለቻችሁ «ኤስኤስኤች-አድ» ቁልፉን ለኤጀንቱ (ከበስተጀርባ ሆኖ ቁልፉን ለሚይዝላችሁ ፕሮግራም) ያስረክብላችኋል።

ሁለት ፋይል ተፈጥሯል። መጨረሻው ላይ «ነጥብ ፐብ» ያለው ለሰው የሚሰጠው ነው፣ ሌላው ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። የፐቡን በ«ካት» ከፍታችሁ ኮፒ አድርጉ። አንድ መስመር ብቻ ነው፣ በ«ኤስኤስኤች-ኢዲ25519» ይጀምራል። «ቢጊን» እና «ፕራይቬት ኪ» የሚል ካያችሁ የተሳሳተውን ከፍታችኋል፣ ዝጉት። ጊትሀብ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ የኤስኤስኤች ቁልፎች የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ፔስት አድርጉት።

ለመሞከር «ኤስኤስኤች -ቲ ጊት@ጊትሀብ.ኮም»፣ ቲዋ ትልቋ ናት። መጀመሪያ የሰርቨሩን አሻራ (ማንነቱን የሚለይ የፊደልና የቁጥር ድርድር) ያሳያችሁና ልቀጥል ይላል። ሁሉም ሰው ሳያይ የስ ይላል፣ እናንተ ግን ጊትሀብ ካወጣው ዝርዝር ጋር አስተያዩት። በማርች 2023 ጊትሀብ ራሱ የሰርቨሩ የአርኤስኤ ቁልፍ (ሌላ ዓይነት ቁልፍ ነው) ለአጭር ጊዜ ክፍት ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክት ማከማቻ) ላይ ወጥቶበት ለመቀየር ተገዷል፤ ያኔ ብዙ ሰው የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ምክንያቱን ሳታጣሩ አትለፉ። ሁሉም ከሰራ በስማችሁ ሰላም ብሏችሁ ሼል (ትዕዛዝ መጻፊያ) አልሰጥም ይላል። ስህተት ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ገብታችኋል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ኮድ ስትልኩ አሁንም ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ፕሮጀክቱ የተያያዘው በኤችቲቲፒኤስ ነው። በ«ጊት ሪሞት -ቪ» እዩና በ«ጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል» ወደ ኤስኤስኤች አድራሻው ቀይሩት።

ሌላ ኮምፒውተር ሲመጣ ቁልፉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም አታሻግሩ። እዚያው አዲስ ፍጠሩና እሱንም ጨምሩት። አንዱ ላፕቶፕ ቢሰረቅ የሱን ብቻ ከጊትሀብ ታጠፋላችሁ፣ ሌላው ሥራው አይቋረጥም። የግል ቁልፉ ደግሞ ባጋጣሚ ኮሚት ውስጥ ገብቶ ከተላከ ፋይሉን መሰረዝ አያድናችሁም፣ ጊት የድሮውን ሁሉ ይይዛላ። ቀጥታ ጊትሀብ ገብታችሁ ቁልፉን አጥፉና ሌላ ፍጠሩ።