ከከርቩ የተገነጠለ ታንጀንትና የቆመ ስቴሽን

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለች አጭር መግቢያ መንገድ ግማሽ ቀን በላችብኝ። ሰርቬየሩ ከሳይት ደወለ። «ወንድሜ፣ መስመርህ ሰው ግቢ ገብቷል፣ 4 ሜትር አውጣው» አለኝ። ሲቪል 3ዲ (የመንገድ ዲዛይን ፕሮግራም) ላይ ቀጥታውን መስመር፣ ታንጀንቱን፣ ይዤ ሳብ አደረግኩት። እሱ መጣ፣ ከርቩ (የመታጠፊያው ቅስት) ግን ንቅንቅ አላለም። ስቴሽኑም (ከመንገዱ መነሻ የሚቆጠረው ርቀት) 0+640፣ ማለትም 640 ሜትር፣ ላይ ቀጥ አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለፕሮግራሙ የሌለ ያህል ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። መስመሩን ፊክስድ አድርጌ ነው ያስገባሁት። ፊክስድ ላይን የሰጠኸውን ሁለት ነጥብ ይዞ ይኖራል እንጂ ጎረቤቱን አያውቅም፤ ስክሪን ላይ ከከርቩ ጋር የገጠመ ቢመስልህም አንዱን ስትነካ ሌላው አይከተልም፣ ስቴሽኑ ደግሞ የተያያዘውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በዓይንህ አትመን። የአላይመንቱን (የመንገዱን መሃል መስመር) ግሪድ ቪው፣ ማለትም ሠንጠረዡን፣ ክፈትና ታንጀንሲ ኮንስትሬይንት የሚለውን ዓምድ እይ። መስመሩም ከርቩም ላይ ኖት ኮንስትሬንድ (ያልታሰረ) ካለህ በቃ፣ አልተያያዘም።

መፍትሄው ያንን መስመር አጥፍቶ በፍሎቲንግ ላይን (በአንድ በኩል ከጎረቤቱ ጋር በሚታሰር መስመር) መተካት ነው፦ ከርቩን ትመርጣለህ፣ መስመሩ የሚያልፍበትን ነጥብ ትሰጣለህ፣ ታንጀንትነቱን (ከከርቩ ጋር ሳይሰበር መግጠሙን) እሱ ይጠብቃል። ሁለት ከርቭ መሃል ከሆነ ፍሪ ላይን (በሁለቱም በኩል የሚታሰር) ተጠቀም። ሁለቱም ቀጥታ መስመሮች ከሆኑ ደግሞ መስመሮቹን ተዋቸው፣ መሃላቸው ፍሪ ከርቭ አስገባ።

ፍሎቲንግ ላይኑ ከርቩን አልቀበል ካለህ ከርቩ ራሱ ፍሪ ይሆናል። ፍሪ ከርቭ በሁለቱም ጫፍ ተይዟል፣ ሌላ የሚንጠለጠልበት ቦታ የለውም።

ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የሚረግምበት ግን ሌላ ነው። ከርቩ አልገባም ይላል። እዚህ ጋ ካልኩሌተር አውጣ። የታንጀንቱ ርዝመት፣ ማለትም ከፒአይ (ሁለቱ ቀጥታ መስመሮች ቢረዝሙ የሚገናኙበት ነጥብ) እስከ ከርቩ ጫፍ ያለው፣ ራዲየስ ሲባዛ በማጠፊያው ማዕዘን ግማሽ ታን ነው (መጀመሪያ ማዕዘኑን ለሁለት ክፈል፣ ከዚያ ታን)። ራዲየስ 100፣ ማዕዘን 60 ዲግሪ ከሆነ 57.7 ሜትር ይወጣል። ተከታታይ ሁለት እንዲህ ያሉ ከርቮች 115 ሜትር ተኩል ይፈልጋሉ። በሁለቱ ፒአይ መሃል ያለህ 100 ሜትር ብቻ ከሆነ ከየት ይምጣ? ራዲየሱን ወደ 80 ብታወርደው 92.4 ይሆናል፣ ይገባል፤ መሃል የሚቀርህ ቀጥታ ግን 7.6 ሜትር ብቻ ነው። ለሰፈር መንገድ ልታልፈው ትችል ይሆናል፣ ፍጥነት ላለበት መንገድ ግን እኔ አልፈርምበትም፤ ፒአይዎቹን አራርቃለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ መስመሩ ጭራሽ ከስክሪን ይጠፋል። ሰርቬየሩ ኖርዚንግ (የሰሜን አቅጣጫ ቁጥር) አስቀድሞ ልኮልህ አንተ እንዳለ ገልብጠኸዋል ማለት ነው። ኮማንድ ላይን (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስመር) ላይ ኢስቲንግ (የምስራቅ አቅጣጫ ቁጥር) ይቀድማል። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ ዞን 37 ላይ ለኮዬ ፈጬ ኢስቲንጉ 480 ሺህ ገደማ፣ ኖርዚንጉ 980 ሺህ ገደማ ነው፤ ትልቁ ቁጥር መጀመሪያ ከመጣ አገላብጠው።