አሊጌተርን በሌሊት በቀስት ስናድን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት፣ ወቅቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ከአትላንታ የመጣ አንድ ወንድማችን አብሮን ወጣ። ቀስት በደንብ ያውቃል። ሜዳ ላይ ዒላማ አይስትም። እዚህ ፍሎሪዳ፣ ኪሲሚ ሐይቅ ላይ ግን ፍላጻው አሊጌተሩን፣ ያንን የአዞ ዘመድ፣ ሲመታ ደስታው አሸነፈው። "ገደልኩት!" ብሎ ብድግ አለ። አልገደለውም። ዘጠኝ ጫማ የሚሆን አሊጌተር ገመዱን እየጎተተ ወደ ሣሩ ስር ገባ። አንዱ የገመድ ዙር ደግሞ የወንድማችን ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር። አጠገቡ የቆመው ጓደኛችን ገመዱን በቢላ በጠሰው። እግሩ ተረፈ። አሊጌተሩ ግን ፍላጻው እንደተሰካበት ጠፋ። እስኪነጋ ፈለግነው። አላገኘነውም።

ያ እንስሳ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን አደን እወደዋለሁ። ረግረጉን፣ የእንቁራሪቱን ጩኸት፣ ከጓደኞቼ ጋር ጀልባ ላይ በሹክሹክታ የምናወራውን ሁሉ እወደዋለሁ። ስለዚህ አዲስ የሚመጡ ልጆች ያንኑ ስህተት ሲደጋግሙ ማየት ሰለቸኝ።

ፍላጻው ይገድላል ብሎ ማሰብ

በዚህ አደን የቀስት ሥራ መግደል አይደለም። ማሰር ነው። የፍሎሪዳ ሕግም ይህንኑ ይላል። ፍላጻው ገመድ ሊታሰርበት ይገባል። አሊጌተሩም በገመድ ሳይያዝ መግደል ክልክል ነው።

የአሊጌተር ጀርባ ከቆዳው ስር በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ነው። እዚያ ላይ የተወረወረ ፍላጻ ብዙ ጊዜ ይነጥራል። የሚመታው አንገቱና ጎኑ ነው፤ ቆዳው እዚያ ለስላሳ ነው። ጫፉ ይገባል፣ እሾሁ ይይዛል፣ ገመዱ ይተረተራል፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የታሰረው ተንሳፋፊ ኳስ ውሃው ላይ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ሥራችሁ ኳሱን መከተል ነው። ቀስ ብላችሁ ተከተሉት። አትጎትቱ፤ ስትጎትቱ እሾሁ ሥጋውን ቀዶ ይወጣል። አሊጌተሩ ሳይተነፍስ ከአንድ ሰዓት በላይ ውሃ ስር ሊቆይ ይችላል። ሲታገል ግን ቶሎ ይደክማል፤ ጡንቻው ለረጅም ትግል አልተሠራም። ብቅ ሲል በሐርፑን፣ ማለትም ገመድ በታሰረበት ጦር፣ ሁለተኛ ገመድ አስገቡበት። በአንድ ገመድ የተያዘ አሊጌተር ተይዟል አይባልም። ወደ ጀልባው የምታስጠጉት በሁለት ገመድ ከሆነ ብቻ ነው።

ገመዱን መርሳት

የወንድማችን ጉዳይ ይኸው ነው። ጀልባው ወለል ላይ የተበተነ ገመድ ካለ አትወርውሩ። ገመዱ በባልዲ ወይም በማጠንጠኛው ውስጥ ተስተካክሎ ይቀመጥ። በአካባቢው ማንም አይቁም። ስለታም ቢላ ሁልጊዜ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ቦርሳ ውስጥ ያለ ቢላ የለም ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ፊት ያጠፋል። ገመዱ ከፍላጻው የኋላ ጫፍ ጋር በቀጥታ ታስሮ በቀስቱ ጅማት ላይ ከተጠመጠመ፣ ፍላጻው ሄዶ ገመዱ ሲወጠር ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። ለዚህ ነው ፍላጻው ላይ የሚንሸራተት ማሰሪያ ያለው። ገመዱ ከቀስቱ ፊት ለፊት መሆኑን በእጃችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ። ሌሊት ነው፤ ዓይናችሁን አትመኑ።

የዓይኑን ብርሃን አይቶ መቸኮል

ባትሪ ስታበሩበት ዓይኑ እንደ ፍም ቀይ ሆኖ ያበራል። ጀማሪ ያንን ሲያይ ልቡ ይዘላል። አንድ ፈቃድ የሚሰጣችሁ ግን ሁለት ታግ ብቻ ነው፤ ታግ የገደላችሁት አሊጌተር ላይ የሚታሰር ምልክት ነው፣ ለአንድ አሊጌተር አንድ። በመጀመሪያው ሰዓት አራት ጫማ የማይሞላ ልጅ አሊጌተር ላይ ታጉን ከጨረሳችሁ ሌሊቱ አለቀ።

ዓይኖቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ተመልከቱ። ከዚያ ከዓይኑ እስከ አፍንጫው ያለውን ርቀት በኢንች ገምቱ። የኢንቹ ቁጥር ከአካሉ ርዝመት በጫማ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስምንት ኢንች ከሆነ ስምንት ጫማ የሚሆን ነው ማለት ነው። ሞተሩን አስቀድማችሁ አጥፉ። የጀልባውን ወለል አትምቱ። በመንጋጋው ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የውሃን ንዝረት የሚሰሙ ናቸው፤ እናንተ ሳታዩት እሱ ያውቃችኋል።

አሊጌተርን ከአዞ አለመለየት

እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ልዩ ችግር አለብን። በአማርኛ ሁሉም አዞ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ያየነው፣ አርባ ምንጭ የአዞ ገበያ ላይ የጎበኘነው የናይል አዞ ነው። ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ከአሊጌተር ጋር አብሮ የአሜሪካ አዞ ይኖራል። እሱ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ መንካት አይቻልም። አሊጌተር አፍንጫው ሰፊና ክብ ነው፣ ቀለሙ ይጠቁራል። አዞው አፈ ሾጣጣ ነው፣ ቀለሙ ግራጫ ይመስላል፣ አፉን ሲዘጋ ከታች ያለው ትልቁ ጥርስ ይታያል። ካልለያችሁ አትወርውሩ።

"ሞቷል" ብሎ ማመን

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። አንዱን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ።

አሊጌተሩን ጀልባው ጎን አስጠግተን በባንግስቲክ መታነው። ባንግስቲክ ጫፉ ላይ አንድ ጥይት ያለው ረጅም ዘንግ ነው፤ ሲነካ ይተኩሳል። ከእሱ ሌላ በጥይት የሚሠራ መሣሪያ አይፈቀድም፤ ሽጉጥ ይዛችሁ እንዳትመጡ። አሊጌተሩ ዝም አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ሁላችንም ደክሞናል። "በቃ፣ እናስገባው" ያልኩት እኔ ነኝ። አፉን ሳናስር ጎትተን ወለሉ ላይ አስተኛነው። አምስት ሰው ነበርን። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጓዝን በኋላ ጅራቱ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ከዚያ አፉ ተከፈተ። በዚያች ጠባብ ጀልባ ውስጥ የሚሸሽበት ቦታ የለም። አንዱ ጓደኛዬ ወንበር ላይ ወጣ፤ ሌላው ወደ ውሃው ዘለለ። የዘለለው ልጅ የሁለት ልጆች አባት ነው። ጅራቱ የሦስተኛውን ቅልጥም መታው፤ ሳምንት ሙሉ አነከሰ። እንደገና እስክንይዘው ድረስ ያለፈችው ጊዜ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው። ለእኔ ግን ያች ሌሊት አላለቀችም። የዚያን ልጅ ሚስት ባየሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

የአሊጌተር አንጎል በጣም ትንሽ ነው። ጥይቱ ትንሽ ከሳተ አሊጌተሩ ይደነዝዛል እንጂ አይሞትም። ከሞተም በኋላ ደግሞ ሰውነቱ ለሰዓታት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ዝም ማለቱ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመታችሁት በኋላ ውሃው ላይ እንዳለ ጠብቁ። አፍንጫውን በገመድ ወደ ላይ ሳቡና ከጀልባው ጎን ጋር አጣብቁት። አንድ ሰው ከኋላ በኩል መጥቶ አፉን በናስትሮ ይሰር። ተራው ጥቁሩ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይበቃል፤ አራት አምስት ዙር። የሚዘጋው ጡንቻ አስፈሪ ጉልበት አለው፤ የሚከፍተው ግን ደካማ ነው። እጃችሁ ከአፉ ጎን እንዳይሆን። አሊጌተር ፊት ለፊት ብቻ አይደለም የሚነክሰው፣ አንገቱን ወደ ጎን ወርውሮ ነው። ከዚያ ከራስ ቅሉ ጀርባ የአከርካሪውን ነርቭ በቢላ ቁረጡ። በቆረጣችሁበት ቀዳዳ ቀጭን ብረት አስገብታችሁ አንጎሉን አጥፉ። መስማት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ለእንስሳው ግን ስቃዩን የሚያሳጥርለት ይህ ነው፤ ለእናንተም ደህንነት ነው። ይህ ሁሉ ሳይሆን ማንም ሰው "አስገቡት" ቢል፣ የጀልባው ባለቤትም ቢሆን፣ እምቢ በሉ።

ታጉ እዚያው ይታሰር፤ ጅራቱ ጫፍ አካባቢ። ወደብ ስደርስ አስረዋለሁ አይባልም።

ያለ ፈቃድ ጓደኛ ማሳተፍ

ፈቃዱ በእናንተ ስም ነው፤ ቦታውና ቀኑም ተጽፎበታል። አብሯችሁ ቀስት የሚወረውር ወይም ገመድ የሚይዝ ጓደኛ የራሱ የረዳት ፈቃድ ያስፈልገዋል። "ለአንድ ሌሊት ነው፣ ማን ያየናል" የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1967 አሊጌተር ሊጠፋ ነው ተብሎ በሕግ ተጠበቀ። በ1987 አገገመ ተባለ። ፍሎሪዳ አሁን ያለውን አደን የጀመረችው በ1988 ነው። ዛሬ በግዛቱ 1.3 ሚሊዮን ያህል አሊጌተር አለ ይባላል። ይህ የሆነው ሰዎች ሕጉን ስላከበሩ ነው።

ሁሉም በአንድ ጎን መቆም

አሊጌተሩ ብቅ ሲል ሁሉም ለማየት ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። ጀልባው ያዘነብላል። ሰው መድቡ፦ አንዱ መሪው ላይ፣ አንዱ ገመዱ ላይ፣ አንዱ ባትሪው ላይ፣ ሌላው ተቀምጦ። ላይፍ ጃኬት ይሞቃል፤ ልበሱት። መብረቅ ካያችሁ ደግሞ ወደ ዳር ውጡ። ነሐሴ ላይ የፍሎሪዳ ሰማይ አይታመንም።

ጾም ውሎ መውጣት

ወቅቱ የሚከፈተው ኦገስት 15 ነው። በእኛ ነሐሴ 9፣ የፍልሰታ እኩሌታ። ሦስት ዓመት በፊት ቅዳሴ ቆሜ፣ ሳልበላ ውዬ፣ ማታ ትንሽ ሽሮ ቀምሼ ወጣሁ። ያ ሁሉ ሙቀት አለ። ቀስቱን ስስብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ፍላጻው የጀልባውን ጠርዝ መትቶ ወደ ጎን ሄደ። ጎኔ ሰው ነበር። እግዚአብሔር ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ በፍልሰታ ቀስት አልይዝም። ከወጣሁም ባትሪ ነው የምይዘው። ብዙ ጊዜ ግን ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለውን ሳምንት እጠብቃለሁ። ጾም የምትይዙ ልጆች፣ ይህን አስቡበት። ውሃ ጠጡ፣ ተኝታችሁ ውጡ፣ ካልሆነ ቀኑን ቀይሩ።

በረዶ ሳይዙ መሄድ

እኔ ሥጋውን አልበላም፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድም። ጓደኞቼ ግን ይበላሉ፣ የጅራቱን ሥጋ በተለይ። በዚያ ሙቀት ሁለት ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆየ ሥጋ ይበላሻል፣ ቆዳውም ዋጋ ያጣል። አንድ ትልቅ ሕይወት አጥፍታችሁ ለቆሻሻ መጣያ መስጠት ነውር ነው። በረዶውን ከመውጣታችሁ በፊት ግዙ። ማን እንደሚገፍፈው፣ የት እንደሚቀመጥ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የገደላችሁትን አሊጌተር የምታሳውቁበት የሪፖርት ቅጽ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ መሞላት አለበት። ከሌሊት አደን በኋላ ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛና ይረሳዋል። እኛ ጀልባው ተጎታቹ ላይ ሲወጣ፣ ቡና ከቴርሞሱ እየቀዳን፣ እዚያው የመኪናው ኮፈን ላይ እንሞላዋለን። ርዝመቱን የሚለካው ሁልጊዜ በዕድሜ ትንሹ ልጅ ነው፤ ሌላው ባትሪ ይይዝለታል።