መጀመሪያ ፈረስ፣ ቀጥሎ ፏፏቴ፦ የኦቾ ሪዮስን ግማሽ ቀን እንዴት ማሳለፍ ይቻላል

ጃማይካ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያምረዋል፦ በፈረስ ባህር መግባትና የደንስ ሪቨርን ፏፏቴ በእግር መውጣት። ሁለቱም በደሴቷ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሴንት አን አውራጃ ውስጥ ናቸው። ፏፏቴው ከኦቾ ሪዮስ ከተማ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ፈረስ የሚጋለብበት ደግሞ አለፍ ብሎ በሴንት አንስ ቤይ አካባቢ አለ። መሃላቸው ያለው መንገድ በመኪና 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ጠዋት የተነሳ ሰው ሁለቱንም ጨርሶ ለምሳ ይደርሳል።

ቀኑን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። እኔ የምመክረው ፈረሱን ማስቀደም ነው። ፈረስ ደስ ብሎት የሚሄደው ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። እናንተም ያልደከመ ጭንና ወገብ ያስፈልጋችኋል። ከባህሩ ስትወጡ ጨው፣ አሸዋና የፈረስ ጸጉር ላያችሁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቀዝቃዛው የወንዝ ውሃ ያንን ሁሉ ያጥብላችኋል። ፏፏቴውን ካስቀደማችሁ ግን በዛለ እግር ፈረስ ላይ ትወጡና ጨው እንደጠጣችሁ ወደ ሆቴል ትመለሳላችሁ።

ይህን ሐሳብ የሚያስቀይር አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም መርከብ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ኦቾ ሪዮስ ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙባት ወደብ ናት። መርከብ በገባ ቀን ረፋዱ ላይ ፏፏቴው በሰው ይሞላል። ከፋልማውዝ ወደብ ጭምር በአውቶቡስ የሚመጣ አለ። ተራ እየጠበቁ፣ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እያዩ መውጣት ደስታውን በግማሽ ይቀንሰዋል። መርከቦች የሚገቡበት መርሐ ግብር ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ቀን ከመያዛችሁ በፊት አይታችሁ ባዶውን ቀን ምረጡ። ምርጫ ከሌላችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ፏፏቴው በሩን እንደከፈተ ግቡና ፈረሱን ከዚያ በኋላ አድርጉት።

እናንተ ራሳችሁ በመርከብ ከመጣችሁ ደግሞ፣ ከፍሎሪዳ የሚነሱ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚያደርጉት፣ ጊዜያችሁን አጥብቃችሁ ቁጠሩ። በራሳችሁ ያዘጋጃችሁት ጉዞ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም። መርከቡ ራሱ ከሚሸጠው ጉዞ ጋር ከሆነ ግን ይጠብቃል። ለመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀር ወደቡ ላይ ለመገኘት እቅድ ያዙ።

የአየሩን ነገርም አስቡበት። ዝናቡ የሚበረታው በግንቦትና በሰኔ፣ እንዲሁም በመስከረምና በጥቅምት ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቷን ክፉኛ መቷታል። ስለዚህ ድሮ የተጻፈ ነገር አምናችሁ አትነሱ። ቦታው ክፍት መሆኑን በዚያው ሳምንት ደውላችሁ አረጋግጡ። ከዲሴምበር እስከ ማርች ዝናቡ ይቀንሳል፤ ግን አልፎ አልፎ ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ባህሩን ያናውጠዋል። ያኔ በፈረስ ባህር መግባት ሊሰረዝ ስለሚችል ገንዘባችሁ ይመለስ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰዓት ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ እዚህ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ቲኬቱ ላይ 8፡30 የሚል ካለ ጠዋት 2፡30 ማለት ነው። እናትና አባት ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ ከሆነ ይህን ንገሯቸው።

የሚለበስና የሚያዝ

የዋና ልብስ ከስር፣ ከላዩ ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጠባብ ሱሪ ልበሱ። ባዶ ጭን ከእርጥብ ኮርቻ ጋር ሲፋተግ ይላጣል። ጫማው ጫፉ የተዘጋ፣ ከእግር የማይወልቅ፣ ሶሉ የሚይዝ የውሃ ጫማ ይሁን። ለፏፏቴው የግድ ነው፤ እዚያው ይከራያል፣ ይሸጣልም። ግን በልክ የሆነ የራስ ጫማ ይሻላል። ነጠላ ጫማ ለሁለቱም አይሆንም።

ቀለበታችሁን ሆቴል ተዉት። ጣት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለሚኮማተር ቀለበት ሳይታወቅ ይወልቃል። መነጽር ካላችሁ ማሰሪያ አድርጉለት። ስልክ በአንገት በሚንጠለጠል ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይያዝ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተቀቡ። ጥቁር ቆዳ በዚያ ፀሐይ አይቃጠልም ብሎ የሚዘናጋ ብዙ ነው፤ ይቃጠላል። ፎጣ፣ መቀየሪያ ልብስና ዝርዝር ዶላር በትንሽ ቦርሳ ያዙ። የአሜሪካ ዶላር በብዙ ቦታ ይቀበላሉ።

ቁርስ ቀለል ይበል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወገቡን ወይም ልቡን የሚያመው ሰው ፈረሱን ይተወው። ብዙዎቹ ቦታዎች የክብደትና የዕድሜ ገደብ አላቸው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በር ላይ ከማዘን በስልክ ጠይቁ።

ፈረሱ

ጠዋት 1፡30 ከሆቴል ተነሱ። ታክሲ ከያዛችሁ ታርጋው ቀይ መሆኑን እዩ፤ ፈቃድ ያለው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ የሚቆይ ሹፌር ብትይዙና ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ብትጨርሱ ጥሩ ነው።

እንደደረሳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ፈረሱን ደህና አድርጋችሁ እዩት። የጎኑ አጥንት ገጦ ይታያል? ኮርቻው የሚያርፍበት ጀርባውና መቀነቻው የሚያልፍበት ሆዱ ቆስሏል? ውሃና ጥላ ባለበት ነው የቆመው? የባህር ጨው ከኮርቻ ስር ሲቀር ቆዳውን ይበላዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በንጹህ ውሃ ይታጠብ እንደሆነ ጠይቁ። ፈረሶቹን የሚወድ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ እያለው ይመልሳል። የቆሰለ ፈረስ ካቀረቡላችሁ ሌላ ጠይቁ። ሌላ ከሌለ ተዉት። እንስሳ እያሰቃዩ መዝናናት የለም።

አዊ ወይም አርሲ ውስጥ ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ይህን ክፍል ልለፈው ይል ይሆናል። አይለፈው። እዚያ ያሉት ፈረሶች ተከታትለው እንዲሄዱ የለመዱ ናቸው፤ ትዕዛዙም ሊለይ ይችላል። አሰልጣኙ የሚለውን ስሙ።

ከፈረሱ በስተግራ ሆናችሁ ትወጣላችሁ። እርካቡን በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ብቻ ርገጡ፣ ተረከዛችሁን ዝቅ አድርጉ። ድንገት ብትወድቁ እግራችሁ ተሰክቶ እንዳይጎትታችሁ ነው። ልጓሙን ሳትጎትቱ፣ ሳትለቁትም ያዙ። ከፊታችሁ ካለው ፈረስ አንድ የፈረስ ርዝመት ራቁ። ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠፈ ፈረስ ተቆጥቷልና አትጠጉት። ሶምሶማ ሲጀምር ጉልበታችሁን አላሉ፤ ከተገተራችሁ ወገባችሁ ይመታል። ሄልሜት አይወልቅም።

መንገዱ እንደምትመርጡት ቦታ ይለያያል። በሴንት አንስ ቤይ የሚገኘው የሴቪል ቅርስ ስፍራ ግን ለብቻው የሚታይ ነው። ኮሎምበስ በፈረንጆቹ 1494 ወደ ጃማይካ የመጣው በዚህ ዳርቻ በኩል ነው። ስፔኖች በፈረንጆቹ 1509 የመጀመሪያ ከተማቸውን የቆረቆሩት እዚሁ ነው። ከእነሱ በፊት ታይኖዎች የሚባሉት የደሴቷ ቀደምት ነዋሪዎች ይኖሩበት ነበር። ኋላም በባርነት የመጡ አፍሪካውያን የለፉበት የሸንኮራ እርሻ ሆነ። ለጉብኝቱ ጊዜ ካላችሁ ሌላ ቀን ተመለሱበት።

አሁን ወደ ባህሩ። ብዙ ቦታ ከባህር በፊት ኮርቻው ይወርድና ለስላሳ ግላስ (በፈረሱ ጀርባ ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ) ይደረጋል። የሕይወት አድን ጃኬት ትለብሳላችሁ። ፈረሱ ደረቱ ድረስ እስኪገባ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። እግሩ መሬት ሲለቅና መዋኘት ሲጀምር ግን ልጓሙን አላሉለት። ራሱን ከውሃ በላይ የሚይዘው በአንገቱ ስለሆነ ልጓም የሚጎትት ሰው ያሰጥመዋል። ጋማውን ጨብጡ፣ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል በሉ። ከጀርባው ከተንሸራተታችሁ ወደ ጎን ራቁ እንጂ ወደ ኋላው አትሂዱ፤ እየዋኘ የኋላ እግሩን በኃይል ይወረውራል።

ሁሉም አስጎብኚ የማይናገረው አንድ ምልክት አለ። ፈረሱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆሞ በፊት እግሩ ውሃውን መቧጨር ከጀመረ ሊተኛና ሊንከባለል ነው። ወዲያው በተረከዛችሁ ነካ አድርጋችሁ ወደ ፊት አስኪዱት። ቆማችሁ ፎቶ ለመነሳት ስትሞክሩ ነው ብዙ ጊዜ የሚሆነው።

ጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ስትወርዱ ጉልበታችሁ ይንቀጠቀጣል። ውሃ ጠጡ፣ ሙዝ ብሉ፣ ትንሽ ተራመዱ።

ወደ ፏፏቴው ስትሄዱ በሴንት አንስ ቤይ ከተማ ካለፋችሁ ሹፌሩ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ቢወስዳችሁ ደስ ይለኛል። የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበረው የማርከስ ጋርቬይ ሐውልት እዚያ ቆሟል። በፈረንጆቹ 1887 የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። ቦብ ማርሊም የተወለደው በዚሁ አውራጃ ነው። ከኢትዮጵያ ነን ስትሉ አንዳንድ ሰው ሞቅ አድርጎ ቢቀበላችሁ አይግረማችሁ። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ የተቀበላቸው ሕዝብ አየር ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር። ራስታዎች ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

ፏፏቴው

ጢስ ዓባይን አይቶ የመጣ ሰው ከገደል የሚወረወር ውሃ ይጠብቅ ይሆናል። ደንስ ሪቨር እንደዚያ አይደለም። 180 ሜትር ገደማ ርዝመት ይዞ እንደ ደረጃ እየተከፋፈለ ቀጥታ ባህሩ ውስጥ ይወርዳል። መሃል መሃሉ ላይ ኩሬዎች አሉ። የጃማይካ ሁለት ሦስተኛው ያህል የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ኖራውን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ሲደርስ ያራግፈዋል። ስለዚህ ፏፏቴው አለቱን እየበላ ብቻ ሳይሆን እየገነባም ነው የሚሄደው። ከአለቱ እየቆረሳችሁ ለማስታወሻ አትውሰዱ።

መውጣት የሚጀመረው ከታች፣ ከባህሩ ዳር ነው። ዕቃችሁን ሎከር ውስጥ ቆልፉ። ረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ብትጀምሩ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል ትጨርሳላችሁ። አስጎብኚዎቹ የት እንደሚረገጥ በደንብ ያውቃሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ አብራችሁ ሂዱ።

ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይወጣል። ፎቶው ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ጥሩ ነው። ቀጥ ባለው ላይ ግን እኔ አልወደውም። አንዱ ሲንሸራተት ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል። እዚያ ላይ እጃችሁን ልቀቁና አለቱን ያዙ። ሁልጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር አለት ላይ ይሁን። አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ፣ ሲረጋ ቀጣዩን።

አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ቦታ አትርገጡ፤ አልጌ ነውና ያንሸራትታል። ነጭ አረፋ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ጥልቀቱን ሳታውቁ አትዝለሉ። እግራችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት በጣታችሁ ፈትሹ። ጥንካሬያችሁን ለመጨረሻዎቹ ደረጃዎች አስቀሩ፤ ሰው የሚወድቀው ሲደክመውና ጨረስኩ ሲል ነው። የደከመው ሰው ማፈር የለበትም። በጎን በኩል ደረጃ አለና መሃል ላይ መውጣት ይቻላል። እማማና አባባ በዚያ ደረጃ እየወጡ ሊያዩዋችሁ ይችላሉ።

ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ከፍ ካለ ወዲያው ወደ ዳር ውጡ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል።

ከወጣችሁ በኋላ

አስጎብኚው ጉርሻ ይጠብቃል። በትጋት ከረዳችሁ ስጡት። ሲቀርጻችሁ የነበረ ሰው ቪዲዮውን ሊሸጥላችሁ ይመጣል፤ የመግዛት ግዴታ የለባችሁም። መውጫው የሚያልፈው በእደ ጥበብ ገበያ ውስጥ ነው። ስማችሁን ጠይቆ እንጨት ላይ መቅረጽ የሚጀምር ሻጭ ይኖራል። ካልፈለጋችሁ ስማችሁን ሳትነግሩት በትህትና አመስግናችሁ እለፉ። የምትገዙ ከሆነ ተከራከሩ፤ የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ልብስ ቀይራችሁ ትጨርሳላችሁ። ለምሳ በቅመም ተለውሶ በእንጨት ጭስ የሚጠበሰውን የጀርክ ዶሮ ብሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ራስታዎች የሚሠሩትን አይታል የሚባል ምግብ ጠይቁ። ሥጋና ወተት የለውም፤ አትክልትና ባቄላ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ይቀርባል። ዓሣ ገብቶበት እንደሆነ ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቤት ይጨምርበታል።