የክታብ ዓይንና የካሴት ሽፋን፦ የኮላጅ ፊልም አሠራር

የኮላጅ ፊልም ከተለያየ ቦታ የተቆረጡ ምስሎችን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ፣ አንድ በአንድ ፎቶ በማንሳት የሚሠራ ፊልም ነው። መልአክ፣ መስቀልና ዘፋኝ ግን እንዲሁ ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚወጣው ፖስተር እንጂ ፊልም አይደለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ምስል መረጣው ላይ ነው። ምስሎቹን በቅርጽ አዛምዱ፦ የክታቡ (ጸሎትና ሥዕል የሰፈረበት የብራና ጥቅልል) ክብ ዓይን የለስላሳ ቆርኪ ይሁን፣ ቆርኪው የካሴት ጥርሳማ ቀዳዳ። ተመልካቹ ክቡን ሲከተል ትርጉሙን ራሱ ይገጣጥማል።

ዋናውን ክታብ አትቁረጡ። ብራናው አይተካም፤ የባለቤቱ የክርስትና ስምም በጸሎቱ መካከል ስለሚጻፍ ከቅጂው ላይ ሸፍኑት። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የነጥብ ብዛት) ስካን አድርጋችሁ በማያብረቀርቅ 160 ግራም ወረቀት አትሙ። ተራው 80 ግራም መብራት ሲሞቀው ይጠቀለላል። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ እንዳይታይ ከጀርባ በኩል ጥቁር ማርከር አስነኩት። ቁርጥራጮቹን በ3 ሚሊ ሜትር መስታወት ተጫኑ፤ መስታወቱ ካሜራውን መልሶ ስለሚያሳይ፣ ለሌንሱ ቀዳዳ የወጣለት ጥቁር ካርቶን ከላይ ይጋረድ።

ካሜራው በቀጥታ ወደ ታች ይይ፤ ሁለት መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/4 ሰከንድ፣ ሁሉም በእጅ ይስተካከል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሹተሩ ላይ ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚዋዥቅ፣ ሹተሩ ፈጣን ከሆነ አንዱ ፎቶ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል፤ ፊልሙም ይርገበገባል። የሰፈራችሁ መብራት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ በባትሪ የሚሠራ ኤልኢዲ ተጠቀሙ።

በሰከንድ 24 ፍሬም (የፊልሙ ነጠላ ምስል)፣ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ፍሬም ይያዝ፤ ለአንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ማለት ነው። አንድን ምስል በ2 ሰከንድ 12 ሴንቲ ሜትር ለማስኬድ 24 እርምጃ ያስፈልጋል፦ መነሻው 1፣ 2፣ 3 ሚሊ ሜትር፣ መካከለኞቹ 18 እያንዳንዳቸው 6፣ ማብቂያው 3፣ 2፣ 1። ሁሉንም እኩል 5 ካደረጋችሁት ማሽን የገፋው ይመስላል። ቁርጥራጩን በወረንጦ አንቀሳቅሱ፤ ጣት የጎረቤቱንም ይነካል።

ክታብ ቁመቱ ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል። ስክሪኑ ደግሞ ወደ ጎን የሰፋ ነው። አሳንሳችሁ አታስገቡት፤ ዓይኖቹ ኃይላቸውን ያጣሉ። ካሜራው ሳይነካ፣ ቅጂውን በማስመሪያ ጠርዝ ለእያንዳንዱ ፎቶ 2 ሚሊ ሜትር ሳቡት።

ድምፁን ቀድማችሁ ምረጡ። አሜሪካዊው የሙከራ ፊልም ሠሪ ኬኔት አንገር በ1963 እ.ኤ.አ. «ስኮርፒዮ ራይዚንግ»ን በ13 የፖፕ ዘፈኖች ላይ ሲሠራ፣ በሞተርሳይክል ጎረምሶቹ መካከል ስለ ኢየሱስ የተሠራ የሌላ ፊልም ቁርጥራጭ አስገብቷል። ዘፈኑ ፈታ ያለ፣ ምስሉ የከበደ ሲሆን ቅልቅሉ ይሠራል፤ ለክታብ ሥዕል በገና መደረብ ግን ያንኑ ነገር ሁለቴ መናገር ነው። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በአንድ ምት 6 ፎቶ፣ 90 ምት ያለው 8 ፎቶ ይይዛል። የምስሉን ለውጥ ከምቱ አንድ ፎቶ አስቀድሙት፤ እኩል ከዋለ የዘገየ ይመስላል። ለሰው ዘፈን በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱን ፈቃድ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ።