የድምፅ ምህንድስናን በውጭ አገር ለመማር ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ አነስተኛ የቅጂ ስቱዲዮ ከከፈትኩ ወዲህ ከከተማውም ከኮምቦልቻም እየመጡ «የት ልማር?» የሚሉኝ ወጣቶች በዝተዋል። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ፎቶ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ትልቅ ሚክሰር (ድምፆችን የሚያቀላቅሉበት መሣሪያ)።

የመጀመሪያው ስህተት ትምህርት ቤትን በመሣሪያው መምረጥ ነው። ሚክሰሩ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ለእናንተ የሚደርሳችሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠይቁ፦ አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ስቱዲዮውን ለብቻው ይይዛል? በአንድ ክፍለ ጊዜ አንዱን መሣሪያ ስንት ሰው ይጋራዋል? ማታና ቅዳሜ ክፍት ነው? ጆሮ የሚሠለጥነው በመሥራት ነው፤ ከአሥራ አምስት ሰው ኋላ ቆሞ የመምህሩን እጅ በማየት ማንም ባለሙያ አይሆንም። መልሱን ከትምህርት ቤቱ ብቻ አትቀበሉ፤ እዚያው የሚማሩ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከፋው፣ ስሙን አይቶ ይዘቱን አለመመርመር ነው። «የድምፅ ምህንድስና» አንድ ቦታ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ሲሆን ሌላ ቦታ ሙዚቃን ከፊዚክስና ከሒሳብ ጋር ያጣመረ የዓመታት ትምህርት ነው። በጀርመን ዴትሞልድ እ.ኤ.አ. በ1949 የተጀመረው የቶንማይስተር (ሙዚቃንም የድምፅ ቴክኒክንም የሚያውቅ የቅጂ ባለሙያ) ሥልጠና፣ በእንግሊዝም የሰሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚሰጠው ትምህርት ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ዴትሞልድን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ ጨዋታና የጆሮ ፈተና አለ፤ ትምህርቱም በጀርመንኛ ነው።

የእኛ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። የወሎ ልጅ ባቲን ከአምባሰል፣ አንቺሆዬን ከትዝታ ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ አብሮት ያደገ ነው። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነው። ፈተናው ግን «በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት በስሙ ጥሩ፣ የሰማችሁትን በኖታ ጻፉ» ይላል። ጆሮው ሰምቶ ስሙን ስላላወቀ ብቻ የሚወድቅ ልጅ ያንገበግበኛል። ከማመልከታችሁ ሁለት ዓመት ቀደም ብላችሁ ኖታና ፒያኖ ጀምሩ። የምታውቁትን የባቲ ዜማ በኖታ ጻፉት፤ ከዚያ በፒያኖ ተጫውታችሁ ጆሯችሁ ካለው ጋር አስተያዩት።

ሦስተኛው ስህተት የትምህርት ክፍያውን ብቻ መቁጠር ነው። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ በባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ለቪዛው ደግሞ የዓመት መኖሪያ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የተወሰነው 11,904 ዩሮ ነበር። የወቅቱን መጠን ከኤምባሲው አረጋግጡ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር የተሰላ ዕቅድ እንዴት እንደተናጋ ቤተሰቦቻችን ያውቁታል። ስሌቱን በዩሮ ወይም በዶላር ያዙት።

«እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚለውም አደገኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተማሪ ቪዛ የመጀመሪያውን የትምህርት ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት አይቻልም፤ በግቢ ውስጥም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም።

ደላላን ማመንም አለ። አንድ የኮምቦልቻ ወጣት አባቱ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከፍሎ የተሰጠው የቅበላ ደብዳቤ ለተማሪ ቪዛ የማያበቃ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ራሳችሁ ጻፉለት፤ የተማሪ ቪዛ የሚያስገኝ መሆኑንም በጽሑፍ ጠይቁ።

የመጨረሻው ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ሥራ ነው። ብዙዎች በኮምፒውተር ውስጥ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ምቶችን ደራርበው ይልካሉ። ያ ጆሯችሁን አያሳይም። እዚሁ ደሴ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ለምኑ። አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ቅዱት፤ አንዴ ማይክሮፎኑን ከቆዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ፣ አንዴ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ወስዳችሁ። በቅርቡ የጭራው ፍትጊያ ጎልቶ ይሰማል፤ በሩቁ ክፍሉ ራሱ ከድምፁ ጋር ይገባል። ሁለቱንም ላኩ፤ የትኛውን እንደመረጣችሁና ለምን እንደሆነም በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አያይዙ።